ጫሊ ያመጣው ሽልማት

ጥቅምት 6
ምስር ስለቅም ጎረቤቴ ሀዋኒ መጣች። ሳትቀመጥ ነገረችኝ። የምንጩ ሥራ ተሸለመ። አንዷ የጣሊያን አንዷ የስሎቬኒያ የሆኑ ሁለት ትናንሽ ከተሞች ድንበር ተሻግረው አብረው የረዱት፣ እዚህ ጎባና አጋርፋ ምንጮችን ያጎለበተው ሥራ... የልጄ የዮዲዬ ሥራ። አውሮፓ ውስጥ ተባብረው የሠሩ ከተሞች በየዓመቱ ይሸለማሉ አሉ። ዘንድሮ ለእነሱ ወጣ። ከዚህ ሄዶ አብሮ የሚቀበለው ልጇ ጫሊ ነው።
«ብርድ ነው አሉ እዛ» አለችኝ።
«ጎባ ያደገ ልጅ ብርድ አይገድለውም» አልኳት።
እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለ።

ጥቅምት 9
ገበያ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ሀዋኒን «የጫሊ እናት፣ የጫሊ እናት» ይላታል። እኔን ሽንኩርት ሻጯ «ወይዘሮ እታለማሁ» አለችኝ። እስከ ሐምሌ የዮዲ እናት ነበርኩ። ልጅ ሲሞት ስሙ ከእናቱም ላይ ይነሣል እንዴ?
ዮዲና ጫሊ አንድ መኪና ውስጥ ነበሩ። ከአጋርፋ ሲመለሱ ተገለበጠ። የሷ ልጅ ክንዱ ተሰብሮ ወጣ። የኔ...
ምንጮቹን በእግሯ ዞራ የመረጠች ዮዲ ናት። ለፈረንጆቹ የጻፈችም እሷ። እሱ ኋላ ነው የገባው።

ጥቅምት 21
ጫሊ በሩን አንኳኳ። «እትዬ፣ አሉ? አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።» በመጋረጃው አየሁት። አዲስ ኮት ለብሷል። አልከፈትኩለትም። አመሻሽ ላይ ተመልሶ መጣ። አሁንም አልከፈትኩም።

ጥቅምት 23
ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው። ከእኔ በቀር።

ኅዳር 8
የእህቴ ልጅ ጣይቱ ፎቶውን በስልኳ አሳየችኝ። ጫሊ የሽልማቱን ሰሌዳ ይዞ ቆሟል፣ ግራና ቀኙ ሁለቱ ከንቲባዎች።
«ስለ ዮዲ የተጻፈ አለ?»
ከሥሩ ያለውን አነበበች። «የለም፣ አክስቴ።»
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰሌዳው መንገድ ላይ እንዲሰበር ተመኘሁ።

ኅዳር 16
ሀዋኒ መጣች። በሩ ክፍት ሆኖ ነው እንጂ አልከፍትላትም ነበር።
«ሃዳ ዮዲ» አለችኝ።
የዮዲ እናት... በኦሮምኛም ቢሆን፣ ከሐምሌ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠራኝ አልነበረም።
«ተነሺ፣ ውኃ ቢሮ ልጄን ወጥረው ይዘውታል። ሰሌዳው ላይ ማንም የማያውቃት ሴት ስም አስጽፈሃል፣ ይሸፈን ይሉታል።»
ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳት። ሰሌዳው ጠረጴዛ ላይ ነው። የፈረንጅ ፊደል። ጫሊ በጣቱ እየጠቆመ አነበበልኝ። ወለተ ማርያም።
የክርስትና ስሟ።
«ከመካከላችሁ በሞት የተለየ ካለ ስሙ ይቀረጻል ብለውን ነበር ሸላሚዎቹ» አለ። «የትኛውን ስም ላስጽፍ ብዬ ልጠይቅዎት ብመጣ አጣሁዎት። በአርባዋ ቄሱ ሲጠሯት የሰማሁት በዚህ ነው። እናንተ ዘንድ ሰው ሲሞት ስሙ የሚቀየር መሰለኝ።»
እነ ሀዋኒ ጴንጤ ናቸው። ከየት ይወቅ?
«ስሟ ሲጠራ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ፣ እትዬ።»
ኃላፊው «ታዲያ ማናት?» አለኝ።
«ልጄ ናት። ማንም እንዳይሸፍናት» አልኩት።
ስንወጣ ሀዋኒ የልጇን ኮሌታ አስተካከለችለት። ቀናሁ። አሁንም ቀናሁ።

ኅዳር 18
ሽንኩርት ሻጯን «የዮዲ እናት በይኝ» አልኳት። አለችኝ።
ለሀዋኒ ልጅ ዕድሜ ይስጠው። ይህችን መስመር ለመጻፍ ስንት ጊዜ ብዕሬን አስቀመጥኩ።
ከእኔ በኋላ ይህን ደብተር የምታገኙ... ዮዲ ብላችሁ ብትፈልጓት ሰሌዳው ላይ አታገኟትም። ወለተ ማርያም ናት። ከምንጮቹ ውኃ ስትጠጡ በዚያ ስም ነፍስ ይማር በሉልኝ።