የቱርቦ ጆሮ

ሐሙስ፣ ጥር 7

ከግራ ዓይኑ ኋላ አብጧል። የባቄላ ፍሬ የምታህል ጉብታ ናት። ትናንት አልነበረችም ልበል? ውሸት ነው፤ ትናንት አላየሁትም። ከትናንት ወዲያም በደንብ አላየሁትም። ዳቦውን ጣል አድርጌለት ወደ ቤት መግባት ሆኗል ሥራዬ።

ቱርቦ ኤሊ ነው። የጭነት ማኪና ስነዳ፣ ዛሪማ አጠገብ መንገድ ሲያቋርጥ አገኘሁት። ረዳቴ አረማመዱን አይቶ እየሳቀ ያወጣለት ስም ነው። ያኔ መዳፌ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን ድስት ያህላል። ማኪናውም ረዳቴም የሉም፣ እሱ አለ።

ባለቤቴ ራውዳ ልጃችን ወልዳ ልታርሳት ደሴ ሄዳለች። "አርባዋን አውጥቼ እመጣለሁ" ብላኝ ነበር። አርባው አለፈ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ እሷም እዚያው፣ እኔም እዚሁ። እዚህ ግቢ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር ቢኖር እኔና ቱርቦ ነን።

ጎረቤቴ አያ ምስጋናው በአጥሩ በኩል አዩት። ከዳባት ገጠር መጥተው ልጃቸው ጋ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። "ይኸማ ጆሮ ደግፍ ነው፤ ማጭድ አግልና ተኩሰው" አሉኝ። ደሜ ፈላ። "እናንተ አገር ሁሉም ነገር በእሳት ነው እንዴ?" አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ደግ አላደረግኩም።

ከሰዓት በኋላ የእናቴን መድኃኒት ሠራሁ። ጤና አዳም በዘይት ለብ አድርጎ ጆሮ ውስጥ ጠብ ማድረግ ነው። እኛ ቤት ጆሮውን ያመመው ልጅ ሁሉ በዚህ ነው ያደገው። ግን ወላሂ፣ ቀዳዳ አጣሁ! በግራ አየሁ፣ በቀኝ አየሁ፣ ጆሮ የሚባል ነገር የለውም። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት "ቱርቦ፣ ና!" እያልኩ የምጮኸው ለማን ኖሯል? ያም ሆኖ እብጠቱ ላይ አፈሰስኩት። ግማሹ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

ዓርብ፣ ጥር 8

ዓይኑ ተጨፍኗል። ጉብታው ጨምሯል። ዳቦ ሰጠሁት፣ ዞር ብሎም አላየው። ማካሮኒ ሰጠሁት፣ ያው ነው።

ጁምዓ ላይ ሰው ሁሉ ለአገር ሰላም ዱዓ ሲያደርግ እኔ ለኤሊ ለመንኩ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ቢሰማኝ ምን ይለኝ ነበር?

ከመስጊድ መልስ በካርቶን አድርጌ በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ባለባጃጁ "ጋሼ፣ ምን ይዘው ነው?" አለኝ። ከፍቼ ሳሳየው እስክንደርስ ድረስ በመስታወቱ እየሰረቀ እያየ ሳቀ። ይሳቅ። ክሊኒኩ በር ላይ አህያ፣ በግ፣ አንድ የሚያነክስ ውሻ ተሰልፈዋል። የአህያዋ ባለቤት ካርቶኑን አጮልቃ አየችና "ውይ! ይኸም ይታከማል?" አለች። "ነፍስ አለው እኮ፣ እናቴ" አልኳት። ከዚያ በኋላ ተራዋን ለቀቀችልኝ።

ዶክተር ሃና ገና ልጅ እግር ናት። "እውነቱን ልንገርዎት፣ ኤሊ በትምህርት እንጂ በእጄ አላውቀውም" አለችኝ። ይህን በማለቷ ወደድኳት። ጆሮውስ አለው፤ ከዓይኑ ኋላ በቆዳ ተሸፍኖ ነው የተቀመጠው። ያበጠው እሱ ነው። የኤሊ መግል እንደ እኛ አይፈስም፣ እዚያው ውስጥ ይደርቃል፤ ስለዚህ ተቀዶ ካልወጣ አይድንም። የዘይቱን ነገር ስነግራት ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አልተቆጣችኝም።

ከዚያ ምን እንደሚበላ ጠየቀችኝ። እኔ የምበላውን አልኳት። "እርስዎስ ምን ይበላሉ?" አለች።

ዳቦ በሻይ። ማታ ማካሮኒ። ደስ ካለኝ ሩዝ። ስናገረው አፈርኩ። ራውዳ እያለች ጎመን፣ ካሮት፣ የዱባ ልጣጭ ታቀርብለት ነበር። እሷ ከሄደች ወዲህ ግቢያችን ቅጠል የሚባል ነገር አልገባም። ዶክተሯ ቫይታሚን በማጣት ሳይሆን አይቀርም አለች። እኔ ብቻዬን ስለሆንኩ ነው እሱ የታመመው። እንዲህ አላለችም፤ ግን ነገሩ እንዲህ ነው።

ነገ ትቀደዋለች። ከእሁድ ጀምሮ መንገዱ ለጥምቀት ስለሚዘጋ ነገ የግድ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ተቀደደ።

ማደንዘዣውን ስትወጋው ቆይቶ አንገቱ ጠረጴዛው ላይ ዝርግት አለ። ሞተ ብዬ ግድግዳ ያዝኩ። "ተኝቶ ነው ጋሼ፣ ውጭ ይጠብቁ" አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። ቆዳውን ቆርጣ በመቆንጠጫ ሳብ ስታደርግ አንድ ድፍን ነገር ወጣ፤ ቢጫ፣ የደረቀ አይብ የመሰለ። ያንን ተሸክሞ ነው ዝም ያለኝ! ምስኪን፣ አይጮህ፣ አያለቅስ።

እንዳልረሳ፦
ቁስሉ አይሰፋም፣ ክፍቱን ይቆያል።
በየቀኑ በሰጠችኝ ፈሳሽ ይታጠባል፣ ቅባት ይቀባል።
መርፌ የፊት እግሩ ላይ፣ አንድ ቀን እየተዘለለ።
ብርድ እንዳያገኘው።
ዳቦ ሐራም። (ይህቺ የእኔ ናት።)

"ሲያጥቡት ጭንቅላቱን የሚይዝልዎት ሰው አለ አይደል?" አለችኝ። "ሞልቶ!" አልኳት። ምን ያስዋሸኛል? ሰው የለኝም ማለት ለምን ከበደኝ?

እሷም ነገ ከቤተሰቧ ጋር ለከተራ ቀሐ ወንዝ ትወርዳለች። ስልኳን ሰጥታኛለች።

እሁድ፣ ጥር 10

ከተራ ነው። ሰፈሩ ነጩን ለብሶ ታቦት ሊያጅብ ወርዷል። እልልታው እዚህ ድረስ ይሰማል።

ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ አጠገቡ አደረግኩለት። ነቅቷል፤ ግን ጭንቅላቱን ከቶ አላወጣም አለ። ብቅ ሲል በግራ ልይዘው፣ በቀኝ ላጥበው ታገልኩ። ውሃው እኔን አጠበኝ። እንደገና ሞከርኩ። እንደገና። ካልታጠበ ይመግላል፤ ሁለተኛ ከመገለ ደግሞ የሚተርፍ አይመስለኝም። መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህን ሁሉ ሽበት ይዤ፣ ለኤሊ! ለኤሊ ብቻ ግን አይመስለኝም።

ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ሰፈሩ ጭር ብሏል። የአያ ምስጋናው በር ብቻ ገርበብ ብሏል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ልጆቹ ትተዋቸው ወርደዋል፤ ደጃፉ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከሐሙሱ ንግግሬ በኋላ በምን ዓይኔ ልያቸው? "አያ፣ እንኳን አደረስዎት" አልኩና እንደ ተማሪ ቆምኩ። "እንኳን አብሮ አደረሰን። ምነው ፊትህ ጠቆረ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ስለ ማጭዱ አንዲት ቃል ሳያነሱ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ።

ፀሐይ ላይ አስቀምጠነው ጠበቅን። አንድ ነገር ልናገር ስል በዓይናቸው ይገስጹኛል። ቆይቶ ሙቀቱ ሲስማማው አንገቱን ብቅ አደረገ፤ አያ በሁለት ጣታቸው ከመንጋጋው ኋላ ያዝ! "በል እጠብ!" አጠብኩ። የእሳቸው እጅ ፀጥ ያለ ነው።

ሲሄዱ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ከብቶቻቸውን ለወንድማቸው ልጅ ትተው እንደመጡ ነገሩኝ። "እጄ እንስሳ ከነካ ቆየ" አሉ። ከዚያ ነገ መቼ እንደሚመጡ ጠየቁኝ። እኔ ነበርኩ መለመን የነበረብኝ።

ሰኞ፣ ጥር 11

ጥምቀት። አያ በማለዳ መጡ። ቁስሉን አጠብነው፣ መርፌውንም ወጋሁት። የነዳጅ ቱቦ ስጠግን የኖርኩ ሰውዬ በዚያች መርፌ ላብ አጠመቀኝ። ቱርቦ ዛሬም አልበላም።

ስልክ ሲሠራ ራውዳ ደወለች። ሕፃኑ መሳቅ ጀምሯል አለች። ስልኩን አስጠግታ አሰማችኝ፤ የመጣልኝ ኩሽኩሽታ ብቻ ነው፤ "ሰማሁት!" አልኳት። መቼ ነው የምትመጪው አላልኳት። እሷም አላነሳችው። "ቱርቦስ?" ስትለኝ ልዋሽ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ዳቦውንም፣ ማካሮኒውንም።   "አንተ ሰውዬ፣ እሱስ አብጦ አሳወቀ። አንተስ?" አለችኝ።

መልስ ሳልሰጣት ኔትወርኩ ሄደ። 

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ጎመን፣ አይፈልግም። ካሮት ፈቅፍቄ፣ አይፈልግም። ዱባ ቀቅዬ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑ መከፈቱ ግን አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ሁለቱም ይከፈታሉ።

ለዶክተሯ ደወልኩ። ሚካኤልን ሊያስገቡ እየሄዱ ነው፣ ከኋላዋ ከበሮ ይመታል። እየጮኸች ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያቆዩት አለችኝ፤ እስከ አገጩ፣ ቁስሉን ሳይነካ። ራውዳ ልብስ በምታጥብበት ሳፋ አደረግኩት። አያ አጎንብሰው ያዩታል፤ እኔ አያን አያለሁ። "ጠጣ! ጉሮሮው ሲሄድ አየሁት" አሉ። እኔ ምንም አላየሁም፤ ግን አመንኳቸው።

ከሞተብኝ ጠዋት ስነሳ እንደምን አደርክ የምለው የለኝም። ይኸው ነው ፍርሃቴ። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

የተረፈውን ጎመን መጣል ቢያሳዝነኝ ቀቅዬ ራሴ በላሁት። ጨው ረስቻለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 13

በላ! በላ! በላ!

ዱባውን ነው። መጀመሪያ አሸተተው፣ ቀጥሎ አሰበበት፣ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ መሰለ፤ ከዚያ ግምጥ! አገጩ ቢጫ ብቻ ሆነ። "በላ!" ብዬ ስጮህ አያ ከአጥሩ ማዶ "ምን በላው? ጅብ?" አሉ። ከዘራቸውን ረስተው መጡ። ሁለታችንም ጎን ለጎን ቁጭ ብለን ሙሽራ እንደሚያበላ ሰው ስናየው ዋልን። "ሸጋ! ሸጋ!" ይላሉ በየጉርሻው።

ለራውዳ ልደውል ሞከርኩ፣ አልገባም።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። ሥራ በዝቶብኛል፤ ማጠብ፣ ጎመን መቀንጠስ፣ ከአያ ጋር መከራከር። እሳቸው የደጋ ዱባ ይበልጣል ይላሉ፤ እኔ ዱባ ዱባ ነው እላለሁ። ሳይመሽባቸው አይሄዱም። አንዳንዴ ምሳ እኛው ጋ ይውላሉ፤ ዓርብና ረቡዕ ጾማቸው ስለሆነ እኔም ሽሮ መሥራት ለምጃለሁ። ያርራል፣ ይበላል።

ዛሬ ብቻዬን ወደ ክሊኒኩ ወሰድኩት፤ አያ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ዶክተር ሃና ገለበጠችው፣ በባትሪ አየችው፣ ሳቀች። "ጎበዝ ነዎት ጋሼ። ገጥሟል፤ ከዛሬ ጀምሮ መታጠብ አያስፈልገውም" አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ግን ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥ፣ አያ ከነገ ጀምሮ በምን ሰበብ ይመጣሉ አልኩ ለራሴ። ራውዳ በመንገዱ የተነሳ ረመዳን ሳይገባ መምጣቷን እንጃ ብላለች።

ስደርስ አያ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፣ እጃቸውን ታጥበዋል፣ ጣታቸው ገና ይንጠባጠባል።

"ምን አለች ዶክተሯ?" አሉኝ።

"ገና ነው አለች። ለጊዜው ማጠባችሁን ቀጥሉ አለች" አልኳቸው።

ቱርቦን ከካርቶኑ አወጡት። ወደ ፀሐይ አዙረው ጆሮውን አዩት፣ ረጅም ጊዜ አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከብት ቁስል ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። የገጠመ ቆዳ አይጠፋቸውም።

"እውነቷን ነው" አሉ ቀና ሳይሉ። "ገና ነው። ነገም እመጣለሁ።"