የማክሰኞው ጠያቂ

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃውን ያስወጣሻል? የእማዬ ሳል ቀለል አላት? እንቅልፍስ ይወስዳታል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

እመጣለሁ ብዬሽ ስቀር መቀየምሽ አይቀርም፤ ምክንያቱን ልንገርሽ። ከየጤና ጣቢያው ስለ መድኃኒት የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ አሁን በአንድ ስልክ ቁጥር ወደ ክፍላችን ይመጣል። የማነሣው እኔ ነኝ። የበሽተኛውን ዕድሜና ክብደት ሳልጠይቅ መልሱን ለምትሰጠው ፋርማሲስት አላሳልፍም፤ ደንቡ ነው። መስመሩ በየጣቢያው የገባው ግን ተራ በተራ ነበር። አንዱ ሩቅ ጣቢያ የደረሰው፣ እዚያ አንዲት ልጅ በሞተች ማግስት ነው።

የጣቢያው ነርስ በዚያው ቀን ደወለ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ የስድስት ዓመት ልጅ አንድ መርፌ ልስጣት ወይ አለ። ፋርማሲስቷ በፍጹም እንዳትሰጣት ስትለው፣ "ትናንት ሰጥቻታለሁ" ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ይደውላል። ያንኑ ይጠይቃል፣ መልሱን ይሰማል፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ አልሰጣትም" ይላል። ጓደኞቼ መጀመሪያ "ባልሽ ደወለ" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አሁን ስልኩ ሲጮኽ ሁሉም ያቀረቅራሉ።

ባለፈው ማክሰኞ እንደ ወትሮው ዕድሜዋን ብጠይቀው፣ "ሰባት ሞላት" አለኝ። ክብደቷንም ጨምሮ ነገረኝ። እትዬ፣ ሰባት ብዬ ጻፍሁ።

ኃላፊያችን ይህን ሲሰሙ የሰውየው ቁጥር ይዘጋ አሉ። ሐሰት አልተናገሩም፣ መስመር የሚጠብቅ ሕያው በሽተኛ ሞልቷል። ነገር ግን የጣቢያው ስልክ ያው አንዱ ነው፤ ሰውየውም ዛሬም ልጆች ያክማል። ብንዘጋበት ለእነሱ ማንን ይጠይቃል? ይህን ብዬ ለመንኋቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው፣ "አንቺ እስካነሣሽው ይቆይ። በሌላ ሰው እጅ የወደቀ ቀን ግን ይዘጋል" አሉኝ።

እናንተ ዘንድ ደርሼ እስከ ማክሰኞ አልመለስምና ከዚህ ወንበር መነሣት አልችልም። ለእማዬ ሥራ በዛባት በያት፣ ሌላውን አትንገሪያት። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝላት የምትወስዳቸውን ሁሉ ይዘሽ ሄደሽ አሳዪ፤ አደራ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ስንት ዓመት እንደሞላቸው ግን አትጻፊልኝ።

እህትሽ
ከስልክ ክፍሉ፣ ሰኞ፣ ጥቅምት 18