ባለቤትዎን ግድግዳ ላይ ላስቀረው ራም የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ሐጂ ጉልዛር ሳሂብ፣
የኮምፒውተር ገበያችን ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ላሆር

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎና ስኳርዎ እንዴት እንደሆኑ በአክብሮት እየጠየቅሁ፣ ከወንድ ልጅዎ የሠርግ ድግስ፣ ከወሊማው ግብዣ ወዲህ ከፍ ብሏል የተባለው ደም ግፊትዎ ወደ ቦታው እንዲመለስ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሠርግ ፊልም አቀናባሪዋ ረኽሻንዳ ነኝ፤ በግብዣው ማግሥት «የዚች ሴት እጅ አይረባም፤ ማንም ሠርጉን እንዳይሰጣት!» ብለው በገበያው ድምፅ ማጉያ ያወጁልኝ። ስሜን ስላስተዋወቁልኝ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ደውሎ ሥራ አላስፈታኝም።

አንደኛ፣ ስለ ሻዩ። ከግብዣው በፊት ላፕቶፔ ስለተንቀራፈፈ ራም የሚሉትን የማስታወሻ ቋት ላስጨምር ወደ ማኅበርዎ ኩራት፣ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ኡስታድ ሸፊቅ ሱቅ ብሄድ፣ ገና ሳልቀመጥ የወተት ሻይ ቀረበልኝ። በገበያችን ሻይ የጠጣ ደንበኛ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ የተሰጠውን ዕቃ ልሞክረው አይልም። ይህን ሥርዓት ያጸኑት እርስዎ ስለሆኑ ለክብርዎ ስል ደግሜ ጠጣሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍጥነቱ። ነባሩ ራም ባለ 2400 ነው፤ ኡስታድ የጨመሩልኝ ባለ 3200። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰኩ ፈጣኑ በቀርፋፋው ልክ ይሄዳል፤ የሙሽራው አጀብ ከነከበሮው በአሮጊቷ አክስት እርምጃ እንደሚጓዘው ማለት ነው። ይህ ምንም ነውር የለበትም፤ ቦታው መስፋቱ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ 2400 ሲወጣ ኡስታድ ፊታቸው ቀላ፤ «እህቴ፣ እኔ ሱቅ 3200 ከተባለ 3200 ነው!» ብለው ቅንብሩ ውስጥ ገቡና አክስቲቱን በግድ አስሮጧት።

ሦስተኛውን ስጽፍ ሳቄ እያመለጠኝ ስለሆነ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በወሊማው ዕለት በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት የሠርጉ ፊልም ከላፕቶፔ ወደ ግድግዳው እየተላለፈ ሳለ አክስቲቱ ወደቀች። ምስሉ ደርቆ የቀረው በተከበሩት ባለቤትዎ ላይ ነው፤ አንድ ዓይናቸው ተጨፍኖ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ቢርያኒ ከሚባለው የሥጋ ሩዝ የወጣው አጥንት ከንፈራቸው ጋ ሊደርስ ሲል። ኡስታድ ሸፊቅ ብድግ ብለው «ፍጥነቱ ግን 3200 ነው!» ብለው ጮኹ። አንገቷን ደፍታ እንድትቀመጥ የታዘዘችው ሙሽራ አኒቃ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የእጄ እንዳልሆነ በዚያው ድምፅ ማጉያ ይንገሩልኝ። ከዚህ እጅ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም፤ አዋጅዎም በእውነት አሳዝኖኛል።

የሻይዎ ውለታ ያለባት፣ በተፈቀደላት ፍጥነት የምትጓዝ ትሑት አገልጋይዎ፣
ረኽሻንዳ ቀማር

ማስታወሻ፦ ሁለቱንም ራም ወደ 2400 መልሼ ፊልሙን ጨርሻለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆም ይሄዳል። ይሁንና ምራትዎ «ያቺ ቦታ እንዳትጠፋብኝ!» ብላ ስለለመነችኝ፣ ባለቤትዎን በዚሁ በማይረባው እጄ መልሼ አቁሜያቸዋለሁ። ቅጂውን ለዘመድ ሁሉ የላከችው እሷ ናት። ከላይ ያለውን ከጻፍሁበት ከትናንት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም፤ የሚደውሉት ሁሉ ሙሽሪቶች ናቸው፣ ጥያቄያቸውም የየአማታቸውን ምስል እንዲሁ እንዳቆምላቸው ነው። ስለዚህ በድምፅ ማጉያው አይቸኩሉ።