የላይኛው ማሳ ውሃ

ሐምሌ 3 ቀን 1996፣ ቅዳሜ

ክብረት ቦዬን ደፈነው። የገዛ ወንድሜ። በአባትም በእናትም አንድ የሆንን። ተደብቆ እንኳ አይደለም፤ በጠራራ ቀን፣ እኔ ሶዶ ገበያ ወርጄ ሳለሁ፣ በአካፋ አፈር እየዛቀ ሞላው። ይህ አልበቃ ብሎት በላዩ ድንጋይ ደረደረበት።

ስመለስ ዝናብ ይዞኝ ነበር። ሳልቀመጥ ወደ ላይኛው ማሳ ወጣሁ። ውሃው እንደ ድሮው ተኝቷል። ሁለት በጋ የለፋሁበት ቦይ ከምንም አልተቆጠረም።

ሚስቴ ፈጠነች፣ ሄደህ ጠይቀው አለችኝ። የደፈነው እሱ፣ የሚጠይቀው እኔ? ሚስት ሆና ለማን እንደምታግዝ አንዳንዴ አይገባኝም። እሱ ይምጣ።

ሐምሌ 4

ዘነበ። አልመጣም።

ሐምሌ 7

ንዴት ሐሳቤን እየበተነው ነው። ነገሩን ለራሴ በሥርዓት ላስቀምጠው።

የላይኛው ማሳ የዳሞታ ተዳፋት ላይ ነው ያለው። መሬቱ ስላዘነበለ ሰው ሁሉ ውሃው ይወርዳል ይላል። አይወርድም። አንድ ክንድ ያህል ሲቆፈር አፈሩ ግራጫ ነው፤ በመሐሉ እንደ ዛገ ምስማር ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት። ጥቂት ወረድ ሲባል ውሃ ይንቆረቆራል። አባቴ ከብት ከማሰማራት ሌላ አልተጠቀመበትም። ገብስ ተዘራበት፣ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ድንች ተተከለበት፣ በሰበሰ።

በዘበኝነት ዘመኔ ቤቱን እጠብቅለት የነበረው ፈረንጅ ሲሄድ የተወልኝ የአፈር መጽሐፍ አለ። ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ ስንት ዓመት አነበብኩት። እዚያ ውስጥ የኔ ማሳ አለ። በብርድ አገር ተራሮች ላይ፣ ግግር በረዶ ግራናይት ድንጋይ ፈጭቶ ካወረደው የተሠራ፣ ውሃ የማይለቅ አፈር ይላል። ግራጫው አለ። ዝገቱ አለ። ውሃው አለ። ታዲያ ሌላ ምን ይፈለጋል? ዳሞታ ላይ አንድ ዘመን በረዶ ነበር ማለት ነው። ይህን ተናግሬ የሳቁብኝ አሉ። ይሳቁ።

መጽሐፉ ቦይ ቆፍሩ ይላል። ቆፈርኩ። ጥፋቴ የቱ ላይ ነው?

ደግሞ ለኔ አይደለም። ለኔና ለፈጠነች ጓሮ ያለው እንሰት ይበቃናል። ለሳሚ ነው። ሚስት አግብቷል፤ ጽጌሬዳ ነፍሰ ጡር ናት። ከዚያ ማሳ ሌላ የምሰጠው መሬት የለኝም። ካልደረቀ ለሰፈራ እሄዳለሁ ብሏል። ስሙንም አስመዝግቧል። አንድ ልጄ ከማያውቀው ቆላ ሄዶ በወባ ሊያልቅ...

ክብረት ይህን እያወቀ ነው የደፈነው።

ሐምሌ 11፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክብረት በሩ ላይ ጠበቀኝ። ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማል።

«ኢሻው፣ ቦይህ የሚያበቃው የት ነው?» አለኝ። ኢሻው ይለኛል ደግሞ። ወንድም ቦይ ይደፍናል?

«ድንበሬ ላይ።»

«ከድንበርህ ወዲያስ?»

«ከድንበሬ ወዲያ የኔ አይደለም።»

«አዎ፣ የኔ ነው። እንሰቴ ውሃ ውስጥ ቆሟል።»

ሳቁ። ዘማሪዎቹ ሳይቀሩ። ምን የሚያስቅ ነገር እንደተናገረ አልገባኝም። ድንበሬን ጠንቅቄ ማወቄ ያስቃል?

መልስ ነበረኝ። ቤት ስደርስ ነው የመጣልኝ።

ሐምሌ 20

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ የማዳበሪያ ስብሰባ ላይ ነበር፣ ጠበቅኩት። በማመልከቻዬ ነገሩን ከበረዶው ዘመን ጀምሬ በሥርዓት አብራርቼ ነበር። አንዱን ገጽ አንብቦ፣ «አቶ ሻንቆ፣ ክሱ በወንድምዎ ላይ ነው ወይስ በበረዶው?» አለኝ። ልጅ ነው፤ አባቱን አውቀዋለሁ።

በመጨረሻ ከወረዳ ግብርና ባለሙያ እንዲላክ እጠይቃለሁ አለ። ይላክ። የተማረ ሰው ያየዋል፣ ክብረት ያፍራል።

ሐምሌ 26

ሶዶ ወረድኩ። አካፋዬ እጀታው ስለተሰበረ አብደላ ሱቅ ገባሁ። ሰላምታ ሳይጨርስ፣ «በረዶ ፍለጋ ከሆነ ፍሪጅ አለኝ» አለ። ዳሞታ ላይ የተናገርኩት ከኔ ቀድሞ ሶዶ ገብቷል። እጀታውን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። የባሰ እንጨት ነው።

ነሐሴ 2

ቦዩን ብቻዬን ከፈትኩት። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ሳሚን ና ብለው፣ «አባ፣ አጎቴ ማሳ ላይ ውሃ አልለቅም» አለ። ለማን ነው የምለፋው?

ነሐሴ 3

ደፍኖታል።

ነሐሴ 11

ባለሙያዋ መጣች። ሰገነት ትባላለች። እኔ የጠበቅሁት መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነበር። ቦት ጫማ አድርጋ፣ ረጅም የብረት መሰርሰሪያ ተሸክማ ከታች ጀምራ በእግሯ ወጣች። ክብረትም መጣ፤ በራሱ ወገን ቆሞ ያያል።

መሰርሰሪያውን ራሷ እያዞረች አስገባችው። ስታወጣው አፈሩ በየተራው ተደርድሮ ወጣ። ላዩ ጥቁር፣ ቀጥሎ ግራጫ ከነዝገቱ፣ ከሥሩ እንደ ሸክላ ሠሪ ጭቃ የሚለጠጥ። ደስ አለኝ። በረዶ የፈጨው ነው አልኳት። አልሳቀችም። መጽሐፉን ያሳዩኝ አለች። በፌስታል ጠቅልዬ ይዤው ነበር። ቆማ አነበበች። ከዚያ ከመሬት ድንጋይ አንስታ አገላበጠች።

«አባቴ፣ መጽሐፉ ልክ ነው። ግን የሌላ አገር ተራራ ነው። ዳሞታ ከእሳት የወጣ ተራራ ነው። እዚህ ግራናይትም ግግር በረዶም የለም።»

«ቀለሙስ? ዝገቱስ?»

«እሱን የሠራው ተኝቶ የሚከርመው ውሃ ነው። ውሃ የተኛበት አፈር የትም አገር እንዲህ ይሆናል።»

ክብረት ከታች ሆኖ፣ «እስቲ እሱን ድገሚለት» አለ።

ከሥር ያለው ጭቃ ውሃ አያሳልፍም፤ ከተራራው ውስጥ የሚመጣው ውሃ ደግሞ እዚህ ጋ ይወጣል፤ ስለዚህ ቦይ ያስፈልጋል አለች። ቦይ ያስፈልጋል! ክብረትን አየሁት። ግን አልጨረሰችም። መውጫ የሌለው ቦይ ውሃውን ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ማዛወር ነው፤ እስከ ሸለቆው መድረስ አለበት አለች። ወደ ሸለቆው የሚወስደው መንገድ ደግሞ አንድ ነው። የክብረትን እንሰት ሰንጥቆ።

«መሬቱ የእሳቸው ነው፤ እኔ ማዘዝ አልችልም» ብላ መሰርሰሪያዋን ጠራርጋ ወረደች።

ሳሚ ዞር ብሎ አጎቱን አየ፣ ከዚያ እኔን። አንድ ቃል እንድናገር የፈለገ መሰለኝ። ዝናብ መጣ፣ ሁላችንም ተበተንን።

ነሐሴ 12

መጽሐፉ ግራናይት ሲሰበር ውስጡ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ፍሬ አለው ይላል። በመዶሻ ድንጋይ ሰበርኩ። ጥቁር ነው። ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ሌላ ሰበርኩ። ከወንዙ ሥር ያመጣሁትንም ሰበርኩ።

ፈጠነች፣ «ድንጋዩ ደግሞ ምን አደረገህ?» አለች።

ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

ነሐሴ 21

ሰፈራ የሚሄዱት ከመስቀል በኋላ ይጫናሉ ተባለ። ጽጌሬዳ ዕቃ ማሰር ጀምራለች። ትንሿን ወንበር አልወስድም፣ ለእናንተ ትቆይ አለችኝ። ወንበሯን እኔ ነኝ የሠራሁላት።

ሳሚ ማታ መጣ። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ አንድ ቃል ብትለምነው... አለ። ጨክኜ፣ የደፈነብኝን አልለምንም አልኩት። «እሺ አባ» ብሎ ተነሳ። ቢከራከረኝ ይሻል ነበር። ምነው ይሄ ልጅ እንደኔ ቢሆን?

እንደኔ ቢሆንማ ገና ድሮ ጥሎኝ ሄዶ ነበር።

ጳጉሜን 3

ክብረት ለቅሶ ወደ ጉኑኖ ሄዷል ሲባል ማሳው ወረድኩ። ማንም አላየኝም።

ዳር ያለው ረድፍ ወድቋል። የቆመውን አንዱን በእጄ ገፋሁት፤ ሳልጫነው ተጋደመ። ግንዱ ሥር ጣቴ እንደ ጭቃ ገባ። ይሸታል። እነዚህ እናታችን ከተከለቻቸው የተገኙ ችግኞች ናቸው። ክብረት ስንት ዓመት ፍግ ያለበሳቸው፣ ለቆጮ ሊደርሱ ጥቂት የቀራቸው።

ውሃው ከየት እንደመጣ አያጠያይቅም።

ቢሆንም ቦዬን ከመድፈኑ በፊት ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ነግሮኝ ይሆን? በግንቦት የሆነ ነገር ብሎኝ ነበር... እየቆፈርኩ ስለነበር አልሰማሁትም።

መስከረም 9፣ እሁድ

የሚመጣው እሁድ ጊፋታ ነው፤ ዓመቱ ይለወጣል። በየዓመቱ ሰፈሩ ባንድ ሆኖ በሬ ይጥላል። እኔና ክብረት ከልጅነት ጀምሮ ከአንድ በሬ ነው የምንካፈለው። አራጁ ኤርሳዶ ነው፤ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል። ዛሬ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ቂም ይዞ ዓመት አይሻገርም፣ ሁለቱ ሳይታረቁ ቢላዬን ከሰገባው አላወጣም ብሏል።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው መቆሚያ አሳጣኝ። አንዱ መንገድ ላይ አቁሞ፣ ለአንተ በረዶ ብለን ልጆቻችን ሥጋ ሊያዩ ነው በዓይናቸው ብቻ? አለኝ። ሌላዋ፣ ጋሽ ሻንቆ፣ ከታረቃችሁ የበሬው ምላስ የእርስዎ ነው አለች። ተረበኛ ሁሉ።

በሬው እንኳ የሚያየኝ ይመስለኛል።

መስከረም 13

ኤርሳዶ ቤት ተቀመጥን። እኔ፣ ክብረት፣ ሳሚ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች። የምናገረውን ሁሉ በወረቀት አዘጋጅቼ ኪሴ ይዤ ነበር። ድንበሩን፣ የአባታችንን ኑዛዜ፣ ባለሙያዋ ቦይ ያስፈልጋል ማለቷን።

ኤርሳዶ ወረቀት አልፈለገም። ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ።

«ሻንቆ፣ ውሃህ የወንድምህን እንሰት ገድሏል። በድያለሁ በል። አንድ ቃል ናት፤ ከዚያ እንበላለን።»

አፌ እምቢ አለ። ልናገር አልፈለግሁም ብል ውሸት ነው። ኪሴ ውስጥ ወረቀቱን በጣቴ ደባበስኩ። ሳሚ መሬት መሬት ያያል። አንዱ ሽማግሌ ተናደደ፣ ተነስተን እንሂድ አለ።

ያኔ ክብረት ተናገረ።

«ተወው፣ አባ ኤርሳዶ። እኔ ይሄን ሰው አውቀዋለሁ። በልጅነቱ የአባታችንን በግ በጅብ አስበልቶ፣ በጓ ናት የሄደችው ያለ ሰው ነው። ቃሉን አልፈልግም።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በጓ በእርግጥም ገመዷን በጥሳ ነው የሄደችው።

ከዚያ ወደ ሳሚ ዞረ። ከታችኛው ድንበር እስከ ሸለቆው ለቦይ የሚሆን መሬት እሰጣለሁ አለ። እዚያ ላይ ያሉትን እንሰቶች ራሱ እንደሚቆርጥ ተናገረ። «ለአንተ ነው የምሰጠው፤ ለአባትህ አይደለም።»

እዚህ ላይ ድምፁ ወፈረ።

«አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ። ስለዚህ ቦይ ዳግመኛ ቃል እንዳልሰማ። እኔ ሰጥቼዋለሁ አልልም። እሱም ደፍኖብኛል አይበል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የለም፣ ቀበሌ የለም፣ ገበያ የለም።»

ኤርሳዶ ትስማማለህ ወይ አለኝ።

ሌላ ነገር ቢለኝ ይሻለኝ ነበር... መቀጫ ክፈል ቢለኝ፣ በሬውን ለብቻህ ግዛ ቢለኝ። ሳልከራከር ያለፍኩት ነገር በሕይወቴ የለም። ይህን ተስማምቼ ከወጣሁ እውነቱ ከማን ጋር እንደነበረ መቼም አይነገርም። የበረዶውም፣ የድንበሩም። ወንድሜ ያንን ያውቃል። አውቆ ነው የጠየቀኝ።

ሳሚ ቀና ብሎ አየኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም።

መስከረም 16፣ ጊፋታ

ኤርሳዶ ቢላውን አወጣ። በሬው ጥሩ ስብ ነበረው። ክብረት ከሽንጡ ቆርጦ ፊቴ አስቀመጠው። በላሁ። ዳታው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ዘንድሮ ሚጥሚጣ አብዝተውበታል።

ጥቅምት 6

ቦዩ ሸለቆው ደረሰ። እኔ፣ ክብረትና ሳሚ ነን የቆፈርነው። ክብረት ያልደረሱትን እንሰቶች በራሱ እጅ ቆርጦ ለሚስቱ አሸከማቸው፤ የሚፋቀው ይፋቅ ብሎ። የመጨረሻውን አፈር ሳሚ ሲያነሳው ውሃው ጥቂት አመነታና ሄደ። ቆመን አየን።

ጥቅምት 24

ሳሚ ስሙን ከሰፈራው መዝገብ አሰረዘ። ጽጌሬዳ የታሰረውን ዕቃ ፈታች። ማሳው ላይ ስሄድ ጫማዬ አይሰምጥም። ነጭ ሽንኩርት ተከልንበት፤ ከአሁኑ ቀንበጥ አውጥቷል፣ ቢጫ አልሆነም።

ሰገነት ለሌላ ሥራ ስታልፍ ጎራ ብላ፣ «አባቴ፣ ታዲያ እንዴት ተስማማችሁ?» አለችኝ። ሽንኩርቱን እዪ አልኳት። ስለ መጽሐፉም ጠየቀችኝ። ዝናብ ይመጣል አልኳት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ፈገግ ብላ ሄደች።

ማታ ላይ በቦዩ ዳር ወደ ሸለቆው ወረድኩ። ክብረት በባዶው ቦታ አጠገብ አዲስ ችግኝ እየተከለ ነው። እንሰት ተቆርጦ እንሰት እስኪደርስ ስንት ዓመት ነው? አጠገቡ ቆምኩ። የምለው ነበረኝ፤ ኤርሳዶ የጠየቀኝን ያችን አንድ ቃል፣ ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ሰው ከኔ አፍ ያልሰማትን። አፌን ከፈትኩ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ጣቱን አነሳ። አይሆንም ማለቱ ነው።

መቆፈሪያውን አቀብዬው ተመለስኩ።

ቃል ሰጥቻለሁ። ስለዚህ ነገር ከዛሬ በኋላ አልናገርም። ለፈጠነችም፣ ለልጄም፣ ቢወለድ ለልጅ ልጄም። እዚህም አልጽፍም።