ሳልለቀለቅ የደረቀ ሳሙና

ረቡዕ፣ መጋቢት 8 ቀን 1974
የአጥሩን ካብ ስጠግን ዋልኩ። ማታ መሠረተ ትምህርት። አስተማሪው "ከፋለ፣ ሌላውም ያንብብ እንጂ" አለኝ። ምን ላድርግ? ፊደሉ እኔን ሲያይ ራሱ ይነበባል።

እሁድ በገበሬ ማኅበሩ ፊት ፈተና አለ። ያነበበ ምስክር ወረቀት ያገኛል። የወደቀ ክረምቱን ሙሉ እንደገና ከ"ሀ" ይጀምራል። ለመንደሩ ሁሉ "ሳልተነፍስ ነው የማነበው" ብያለሁ። ሚስቴ ባንችይርጋ "ኋላ ትንፋሽ እንዳያጥርህ" አለችኝ። ቀንታ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 9
የጤና ጣቢያውን ሣጥን በበቅሎዬ ከላሊበላ አመጣሁ። ድሬሰሩ ጋሻዬ ደስ ብሎት ፈረንጅ ሐኪም ከተወለት ፈሳሽ ሳሙና በጠርሙስ ቀንሶ ሰጠኝ። ለእሁድ ፊቴ ይብራ...

"ልዝብ ነው። ከአሚኖ አሲድ የተሠራ።"
"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"
"ሥጋም ውስጥ ባቄላም ውስጥ ያለ ነገር።"

ሥጋ? በዐቢይ ጾም? በቀጥታ ወደ ገነተ ማርያም፣ ንስሐ አባቴ አባ ወልደ ኪዳን ዘንድ።

"አባ፣ ይኸ ሳሙና ጾም ያስገድፋል?"
"ልትበላው ነው?"
"ልታጠብበት እንጂ።"
"እንግዲያ ታጠብና ተወኝ፣ ልጄ።"

ተፈቀደ።

ዓርብ፣ መጋቢት 10
ራሴን፣ ፊቴን፣ አንገቴን ቀባሁት። ጠበል የተጠመቀ ሰው ይጠርጋል? አይጠርግም። በላዩ ይደርቃል፣ ኃይሉ እንዲገባ። እኔም አረፋዬን እንደያዝኩ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቴ ተወጠረ... እየሠራ ነው። ላቤ ይዞት ዓይኔ ውስጥ ገባ። አሸሁት። ባሰ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 11
የምጽፈው በአንድ ዓይን፣ እሱንም በጣቴ ከፍቼ። አንገቴ በርበሬ መስሏል፣ ያሳክካል። ጋሻዬ ዓይኔን በውሃ ሲያጥብ ቆየ።

"አልተለቀለቅህም?"
"ልዝብ ነው አላልከኝም?"
"ልዝብ ነው ማለት ለብሰኸው ዋል ማለት ነው? ሳሙና ሳሙና ነው። ሲደርቅብህ ቆዳ ያስቆጣል፣ ዓይንም ያሳብጣል።"

ነገ ፈተና። ክረምቱን ሙሉ ከ"ሀ"... ለሰው ምን እላለሁ?

እሁድ፣ መጋቢት 12
ባንችይርጋ እጄን ይዛ መራችኝ። ጎረቤታችን ደባሱ "ሳልተነፍስ ያለው መጣ። ሳያይም ሊያነብ ነው" አለ። ሳቁብኝ።

ከወረዳ የመጣው ፈታኝ ጓድ አረጋ ወረቀት ሰጠኝ። ስለ እርከን ሥራ ነው። ቀኝ ዓይኔን በሁለት ጣት ፈልቅቄ ጀመርኩ። ተነፈስኩ፣ ደጋግሜ ተነፈስኩ። አንድ ቃል ግን አልዘለልኩም። እንባዬ እየወረደ ወረቀቱን አራሰው። ቀና ስል ጓድ አረጋም ዓይኑን ይጠርጋል።

"ለእርከን ዓይኑ እስኪያብጥ ያለቀሰ ገበሬ አይቼ አላውቅም።"

ምስክር ወረቀቴን ሰጠኝ። በየእሁዱ የስብሰባው አንባቢ እንድሆንም ተወሰነ። የሳሙናውን ነገር አላነሣሁም... ኃጢአት ይሆን?

እሁድ፣ መጋቢት 19
ዓይኔ ድኗል። የማዳበሪያ መመሪያ አነበብኩ። ሰው ሁሉ ፊቴን ይጠብቃል። አንድ ጠብታ የለም። ከወረዳ ዳግም የመጣው ጓድ አረጋ "ያ ስሜትህ የት ሄደ?" አለኝ።

ጨነቀኝ። እውነቱን ተናገርኩ። "ጓድ፣ ያስለቀሰኝ ሳሙና ነው። ሳልለቀለቅ ደርቆብኝ።"

ጓድ አረጋ ተነሣ። "አያችሁ? ምስጋና ሲሸሽ! ወረቀቱ የእሱ ነው፣ ማንበቡን ሁላችን ሰምተናል። ትሁት ሰው ብላችሁ በቃለ ጉባኤ ያዙልኝ።" ባንችይርጋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

እኔ ትሁት? ማን ብሎኝ ያውቃል? ሳስበው ግን ልክ ነው። ከኩልመስክ እስከ ላሊበላ እንደ እኔ ያለ ትሁት አይገኝም። ነገ በጠዋት ለደባሱ እነግረዋለሁ።