ነጭ ፊደል በነጭ ወረቀት

ሰኞ፣ ጥር 5

ኮምፒውተር ላይ የግድግዳ ካላንደር ስሠራ ዋልኩ። ደንበኛው ጎማ አስመጪ ነው። ለየወሩ አንድ ጎማ። ከየሥራቸው ጥላ አደረግኩላቸው፣ መሬት እንዲይዙ። አለቃ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ጥላሁን! አሁንም ሻዶ?»

ስሜ ጥላሁን አይደለም። እሱ ነው ያወጣልኝ፣ ማተሚያ ቤቱ ሁሉ ተቀበለው። አባቱ ቤቱን ሲያስተዳድሩ በስሜ ይጠሩኝ ነበር። አሁን እናቴ ባወጣችልኝ ስም የሚጠራኝ ሰው እዚህ የለም።

«ጎማው እንዳይንሳፈፍ ብዬ ነው» አልኩት።

«ይንሳፈፍ። ዘመኑ የልሙጥ ነው። ጥላ ቀረ።»

ቀረ ይበለኝ እንጂ... ይህን ሲል የራሱ ጥላ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሞ ነበር። ዝም አይነቅዝም። ከምሳ በኋላ ጥላዎቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። ጎማዎቹ የሸሚዝ ቁልፍ መሰሉ።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ዝናብ። የማሽኑ ሰውዬ «ጥቁር ቀለም አልቋል» አለኝ። ዛሬ ሰው ያናገረኝ ይኸው ነው። ቤት ገብቼ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

እሑድ፣ ጥር 11

ልጄ ደወለች! እሑድ እሑድ ትደውላለች። አንዳንዴ ትረሳለች፣ አልቀየማትም። የዛሬው ድምፅዋ ግን ሌላ ነበር።

«አባዬ፣ ተቀምጠሃል?»

«ቆሜያለሁ።»

«ተቀመጥ እንግዲህ። ላገባ ነው።»

ተቀመጥኩ። ያልታጠፈ ልብስ የተከመረበት ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ ልብ አላልኩም። ልጁን አውቀዋለሁ፣ አንዴ ይዛው መጥታ ነበር፣ ጨዋ ነው። ደስ አለኝ። እውነት ደስ አለኝ።

«ካርዱን ካንተ ሌላ ማን ይሠራዋል?» አለች። «ጽሑፉን እማዬ ትልክልሃለች።»

ስልኩ ሲዘጋ ለሰው ልናገር ብዬ በሩን ከፈትኩ። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። መልሼ ዘጋሁት።

ከእናቷ ጋር የተለያየነው ልጅቷ ገና ስትድህ ነው። ያሳደጋት የእናቷ ባል ነው። ደህና ሰው ነው። ክፉ ላወራበት አልችልም፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እሱን «ጋሼ» ትለዋለች። እኔን «አባዬ»። እውነቱን ለመናገር በዚች ቃል ነው የምኖረው።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ጽሑፉ ከእናቷ መጣ። «ደህና ነህ? ይኸውልህ። እንዳለ ይሁን» ትላለች።

አነበብኩት። በልጃችን በኩል ጠሪዎቹ እናቷና ባሏ ናቸው። በሙሽራው በኩል እናቱና አባቱ። መሀል ላይ የሙሽሮቹ ስም ብቻውን፣ የአባት ስም የለውም። ለማሳጠር ይሆናል። የልጄ ስም ከኋላው እኔ ስጠፋ እንዲህ አጭር ነው እንዴ?

የቀረ ገጽ ይኖራል ብዬ ወደ ታች ገፋሁት... የለም።

ልደውል? ምን ብዬ? ስሜን አስገቡልኝ ብዬ? ሲያተኩሳት ተሸክሟት የሮጠው እሱ ነው። ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ የመለሳት እሱ ነው። ስሙ ቢወጣ ሲያንሰው ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን... እኔስ? እኔ በምን በኩል ነኝ?

ሆድ ይፍጀው።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ካርዱን ጀመርኩ። ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ሐረግ። የልጄ ስም ላይ ድሮፕ ሻዶ አደረግኩ። አለቃ ያለውን ይበል፣ የልጄ ሠርግ ነው። ብርሃኑን እንደ ልማዴ ከላይ ከግራ አመጣሁት። መስኮቴ በግራዬ ስለሆነ ዓለም ሁሉ ከግራ የሚበራለት ይመስለኛል። የጥላውን ርቀት ቀነስኩ። ጥላ ከፊደሉ ከራቀ ፊደሉ በረረ ማለት ነው። ሲጠጋ ነው የሚቆመው።

ከዚያ የማይረባ ነገር አደረግኩ። ከእናቷና ከባሏ ስም ሥር ባዶ ቦታ ነበር። «አባቷ» ብዬ ስሜን ጻፍኩበት። እንዴት እንደሚሆን ልይ ብዬ ነው። አማረ። ትንሽ አየሁትና ፊደሉን ነጭ አደረግኩት። ነጭ ወረቀት ላይ ነጭ... ጠፋሁ። ጥላ ሰጠሁት። ጥላውን አሳሳሁት፣ አሳሳሁት፣ በዚህ አሮጌ ስክሪን እስከማይታይ ድረስ። ግን አለ። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ሽማግሌ ሰውዬ! ነገ አጠፋዋለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 19

ናሙናውን በቢሯችን ትንሽ ፕሪንተር አውጥቼ ላክሁ። እናቷ «ጥሩ ነው፣ ይታተም» አለች። ልጄ በስልክ ቀይ ልብ ላከችልኝ። ፋይሉን ለማሽኑ ሰውዬ ሰጠሁት።

የጎማው ሰውዬ ካላንደሩን መለሰው። «ጎማዬ አየር ላይ ነው» ብሎ! አለቃ ዓይኔን ሳያይ «መልስለት ሻዶውን» አለኝ። እሱ እስኪሄድ ጠብቄ ሳቅሁ። አብሮኝ የሚስቅ ቢኖር የበለጠ ያስቅ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ጉድ ፈላ።

ካርዱ ታትሞ ሄደ። እኔ ምሳ ወጥቼ ሳለ የእናቷ ባል ራሱ መጥቶ ወሰደው። «ሰውዬው ሰላም በልልኝ ብሎሃል» አለኝ የማሽኑ ሰውዬ። አንድ የተበላሸ ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኛል፣ ጥጉ ታጥፏል።

መስኮቱ ጋ ሄጄ አየሁት። የልጄ ስም ቆሟል፣ ያምራል። ከጠሪዎቹ ሥር ግን አቧራ የመሰለ ነገር... አጋደልኩት። ስሜ ነው። ፊደሉ የለም፣ ጥላው ብቻ። አላጠፋሁትም! የቢሯችን ፕሪንተር እንዲህ የሳሳ ነገር አታወጣም። ትልቁ ማሽን ግን የሰጡትን ሁሉ ያትማል።

«ቆሻሻ መስሎኝ ሮለሩን ሦስቴ አጠብኩት» አለ የማሽኑ ሰውዬ። «አልለቅ አለኝ።»

ስልኬን አወጣሁ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ምናልባት አያዩት ይሆናል። ማን ካርድ እያጋደለ ያያል?

እሑድ፣ ጥር 25

አልደወለችም።

ረቡዕ፣ ጥር 28

እናቷ ደወለች። ሰላምታ የለም።

«ምን ለማለት ፈልገህ ነው?»

«ረስቼው ነው።»

«ምኑን? ስምህን?»

«ማጥፋቱን።»

«ብትጠይቅ ምን ነበረበት? በጓሮ ከምትገባ! ልጅቷ ስታለቅስ ነው ያደረችው፣ ደስ ይበልህ» አለችና ዘጋችው።

ስታለቅስ ያደረችው... በኔ። ሠርጓን አበላሸሁባት። እንደገና አትሜ ልስጥ እንዳልል ካርዱ የሚታደልበት ቀን ደርሷል፣ ያን ወረቀት ከየት አመጣለሁ? ለልጄ ደወልኩ። አታነሳም። ሁለተኛም አላነሳችም። ሦስተኛ ለመደወል ድፍረቱ አልነበረኝም።

እሑድ፣ የካቲት 2

ዛሬም አልደወለችም። ሸሚዝ ተኮስኩ። ለምኑ? ካርድ አልተሰጠኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ለተጠሪዎቹ እንጂ ለሠሪው ካርድ ማን ይሰጣል?

«አባዬ» የሚለኝ ድምፅ ናፈቀኝ። ይኸው ነው። ሌላ የምጽፈው የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የጎማውን ካላንደር ለመጨረሻ ጊዜ እያየሁ ነበር። በሩ ተከፈተ። ልጄ! መሥሪያ ቤቴ መጥታ አታውቅም። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«አባዬ፣ ስልክ ያላነሳሁት እጄ ስላልቦዘነ ነው» አለች። ጣቷ በቀለም ጠቁሯል።

ፖስታ ሰጠችኝ። ከላዩ ላይ «ለአባዬ» ይላል። ካርዱን አወጣሁ። በጥላው መሀል ባዶ የቀረውን ነጭ ፊደል በጥቁር እስክሪብቶ ሞልታዋለች። ስሜ። ደፍሮ፣ ትንሽ ተንጋዶ።

«ይቺን ብቻ ነው?»

«ሁሉንም። እጮኛዬ አግዞኛል፣ የተጣመመው ሁሉ የሱ ነው። ጋሼ ደግሞ በማስመሪያ ነው የሚሠራው፣ ሌሊቱን ሙሉ ልጨርስ ቢል መብራት አጠፋንበት። መጀመሪያ ያየው እሱ ነው፣ መኪናው ውስጥ። ‹የአባትሽን ስም ማን ነው እንዲህ ያደበዘዘው?› አለኝ።»

ጋሼ በማስመሪያ። ተቀይሜው አላውቅም፣ ዛሬ ግን ወደድኩት።

«እናትሽስ?»

«አኩርፋለች። ይበርድላታል።» ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለምን አልነገርከኝም? ናሙናው ሲመጣ የራሴን ስም ብቻ ነው ያየሁት። አንተ ስትሠራው እኮ ራስህን ትተወዋለህ ብዬ አላሰብኩም።»

«አልተውኩም» አልኳት። «አሳሳሁት እንጂ።»

ሳቀችም አለቀሰችም። እኔም። የማሽኑ ሰውዬ ማሽኑን አቆመና ዞር አለልን።

ስትሄድ ካርዱን ከስክሪኑ ሥር አቆምኩት፣ በመስኮቱ በኩል። አለቃ ሲያልፍ አነሳው። አገላብጦ አየው። የእጅ ጽሑፉ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«አባቷ...» ብሎ ስሜን አነበበ። «ይሄ ደግሞ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።