የቃሪያው ማስጠንቀቂያ

ውድ አባባ አምባቸው፣

ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያነብልዎት እንዲያነቡት በአማርኛ ጻፍሁት። ፊደሉን ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ስሕተቱን እኩል እንካፈላለን።

ኪርያት ጋት ከተማ፣ ልጅዎ ቤት ከሄዱ ሦስት ሳምንት ሆነ። እኔ መቀመጥ አልቻልሁም። እነሳለሁ፣ ውኃ እጠጣለሁ፣ በመስኮት ከሕንጻችን ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት አያለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ። ቃሪያዎንና ጎመንዎን ያስነቀለው የጠበቃ ማስጠንቀቂያ የእኔ ቀልድ ነበር። ይኸው፣ ተናገርሁት።

በምሠራበት የጠበቃ ቢሮ፣ በሚስራዱ፣ ሁለት ጠበቃና እኔ ብቻ ነን። ዘንድሮ አለቃዬ ያሪቭ ደብዳቤ በራሱ የሚያረቅቅ ኤአይ የሚሉት ማሽን አስገባ። ሦስት አራት ቃል ጣል ካደረጉለት ሁለት ገጽ ያስፈራራል። «አምባቸው፣ ቃሪያ፣ ሰባት ቀን» አልሁት። «የጎረቤትን ዓይን የሚያስለቅስ ተክል» ብሎ አንቀጽ ጠቀሰ! በሳቅ ፈርሼ፣ ላክ የምትለዋን ተጫንሁ። በዕብራይስጥ ደብዳቤ ሲመጣልዎት ሁልጊዜ የማነብልዎት እኔ ነኝ፤ ያመጡታል፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብዬ አነብልዎታለሁ፣ ከዚያ በከዘራ ያባርሩኛል ብዬ ነበር።

አላመጡም። በሰባተኛው ቀን ማሽኑ ማንንም ሳይጠይቅ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ብሎ ሌላ ላከልዎት። ከእኔ የባሰ ነዝናዛ መሆኑን፣ በነፍሴ፣ አላወቅሁም።

ትናንት ጎረቤታችን እማማ ቦሰና ደረጃው ላይ ያዙኝና የሁለቱን ደብዳቤዎች ነገር ነገሩኝ።

«አባባ ለምን ለእኔ አላሳዩኝም?» አልኋቸው።

«አንተ ቀልማዳ! ፖስታው ላይ የሚስራድህን ምልክት አየና ለልጄ ልጅ ለኖዓ አስነበበ። ‹ባራክ ከሰማ ከአለቃው ይጣላል፤ ልጁ በእኔ ምክንያት ከሥራው አይፈናቀል› አለ። ሁለተኛው ሲመጣ ማለዳ ተነሥቶ አንድ በአንድ ነቀለው። አጠገቡ ቆሜ ‹ተው› ብለው አልሰማኝ አለ።»

እኔ ላሾፍብዎት ተነሣሁ፤ እርስዎ እኔን ሸሸጉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርሁ።

ዛሬ ጠዋት ያሪቭ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርሁት።

«በእኔ ስም? ለሽማግሌ?» አለ።

«አዎ። ነገ ደግሞ፣ ወር ሲሞላው፣ ሦስተኛው ይሄዳል፣ ክስ የሚለው።»

እሱን ሰረዘ። ቀና ብሎ አላየኝም። «የቢሮውን ቁልፍ አስቀምጥና ሂድ» አለኝ።

አስቀመጥሁ። ይህን የምጽፈው መሀል ከተማ አደባባዩ ላይ ሆኜ ነው፤ ሦስቴ አግዳሚ ወንበር ቀይሬያለሁ።

አባባ፣ ከእንግዲህ የሚሳሱልኝ ሥራ የለኝም። ይምጡና ይቆጡኝ።

ሥራ ፈቱ ልጅዎ፣
ባራክ